ስለ ሉሊት ቡፌ የተደረገው የአባ መስታወት ጥላዬ የተኩስ ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ ጋሼ ጥላዬ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካን በረገጡ በሃያኛው ዓመት፣ በማሪዬታ ቤት ገዝተው የሣር ማጨጃ በጨበጡ በዘጠነኛው፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር በአጥርና በቆሻሻ ገንዳ ላይ በነገሠበት፣ መንገድ ሠሪዎችም ብርቱካንማ በርሜላቸውን በየአውራ ጎዳናው ተክለው ሕዝቡን በሚያስጨንቁበት ወራት፣ ይህ ታላቅ ነገር ሆነ። የጻፍኩትም እኔ ፊልጶስ ነኝ፤ የሚስታቸው የእቴጌ ሉሊት ታናሽ ወንድም፣ የዘመቻው ሹፌርና ጓዝ ያዥ። ያየሁትን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ የሰማሁትን ግን በከፊል ነው፣ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበርና።

እኒህ ጥላዬ በሥራ ቀን የኤርፖርት ሸትል ነጂ፣ በዕረፍታቸው ቀን ግን የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ሰብሳቢ፣ የማይዝግ ብረት ወዳጅ፣ ጥቁር ሽጉጥ የሚጠየፉ፣ ፕላስቲክ ያለበትን እንደ አሻንጉሊት የሚንቁ ነበሩ። ከሰባዎቹና ከሰማንያዎቹ የተረፈ፣ ከእጀታው በቀር ሁለመናው የሚያብረቀርቅ ሪቮልቨር ተገኘ ከተባለ አላባማ ድረስ ይነዳሉ። የጥንት መኳንንት ለፈረሶቻቸው ስም እንዳወጡ እሳቸውም ለሽጉጦቻቸው ስም አወጡላቸው፤ በመዳፍ ውስጥ የሚጠፋውን አባ ጭብጥ፣ አፉ ሰፊውን አባ ነጎድጓድ፣ ረጅሙንና የሁሉ አለቃ የሆነውን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ አባ መስታወት አሉት፣ በጎኑ መልካቸውን እያዩ ጢማቸውን ያስተካክሉበት ነበርና። ስለዚህም እሳቸው ራሳቸው አባ መስታወት ተባሉ። ቅዳሜ ቅዳሜም ቁጭ ብለው የማይዝገውን ብረት እንዳይዝግ ይወለውሉት ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ነበረ፤ ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም ተኩሰው አያውቁም። በማኅበርም በሥራም ስለ አተኳኮስ ሲያወሩ የሰማ ሰው ሁሉ አልሞ ተኳሽ ይመስሉታል። ባሩድ ግን ጥላሸት አለው፤ በአባ መስታወት ላይ ጥላሸት ከማየት ደግሞ ጥርሳቸውን ቢነቀሉ ይመርጡ ነበር።

ወእምዝ የሽጉጡ ሠራዊት ከመኝታ ቤት መሳቢያ ገንፍሎ ወጥቶ ሳሎን ያለውን የመስታወት ቡፌ ወረረ። የእቴጌ ሉሊት ሳህኖች፣ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነው፣ ተማርከው ጋራዥ ወረዱ፤ በካርቶንም ታሰሩ። እቴጌይቱ በሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በሽተኛ ስታገላብጥ የምትውል፣ ታጋሽ ሴት ናት፤ ክረምቱን ሙሉ ታገሠች። የማኅበሯ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን ከሥራ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሳሎን መሃል ቆማ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«ስማ ጥላዬ! የፊታችን እሑድ ማኅበሩ እኔ ጋ ነው። ያን ሁሉ ሳህን ጋራዥ አስቀምጬ ሰው በወረቀት ሳህን አላበላም፣ አላደርገውም! ሽጉጥ ነው ካልክ ይተኮስ። ቅዳሜ ራንጅ፣ ተኩስ ቤት እንሄዳለን። ወረቀት ከመታህ ቡፌው ያንተ ይሁን። ከሳትክ ግን ብረትህን ሰብስበህ፣ ሳህኔን በእጅህ አጥበህ ትመልሳለህ። ሰምተሃል?»

ጋሼ ጥላዬም ከሶፋው ሳይነሡ የመልስ አዋጅ አወጁ፦ «ሰምቻለሁ! እንኳን ወረቀቱን ግድግዳውንም እመታለሁ!» ይህም ቃል ከፊሉ ትንቢት እንደነበረ ወደፊት ይታያል። በልባቸው ግን ፈርተው ነበር። ወደ ጋራዥ ጠርተው ባዶውን አባ መስታወት በሁለት እጃቸው አቅፈው የባሩድ ጥላሸት በምን እንደሚለቅ ጠየቁኝ።

ቅዳሜም ደረሰ፤ ወበይእቲ ዕለት ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት እኔ መሪ ጨብጬ፤ በቀኜ ጋሼ ጥላዬ፣ አዲሱን ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሰው፤ ከኋላ እቴጌ ሉሊት፣ ከእርሷም ጋር አንድ ፌስታል ቆሎ፣ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ የጨው ብልቃጥና የቀዘቀዘ ውሃ፤ ከሁሉም በኋላ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አባ መስታወት ባዶውን በሳጥኑ ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቀምጦ ዘመተ። በሁለት ሰማንያ አምስት አውራ ጎዳና ላይ ከባድ መኪኖች ከግራና ከቀኝ ከበቡን፤ ስፓጌቲ በሚሉት የመንገድ ቋጠሮም ተብትበን የምንወጣበትን ኤግዚት ሚስ አደረግሁ፣ ዞሬም መጥቼ ደግሜ ሚስ አደረግሁ። ሉሊትም ዕንቁላል እየላጠች፣ ብንመለስ ሳህኑ የሚመለስ መሆኑን አሳሰበች። ጋሼ ጥላዬ ግን ፊታቸውን አላዞሩም። በመጨረሻው ከዲኬተር ወዲያ ባለው የተኩስ ቤት ደረስን።

የዚያ ቤት ገዢ ዳርሊን የምትባል፣ ትከሻዋ እንደ በር፣ ድምፅዋ ከጥይት በላይ የሚሰማ ራንጅ ኦፊሰር ነበረች። አባ መስታወት ከሳጥኑ በወጣ ጊዜ በአድናቆት አፏጨች፤ ጋሼ ጥላዬም አንድ ክንድ ያህል ረዘሙ። ከዚያም አዋጇን በእንግሊዝኛ አሰማች፣ እኔም እንዲህ ተረጎምኩት፦ «አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ኢላማው! ጣት ከምላጭ ውጪ! ጌታዬ፣ ሸሚዝዎን እስከ አንገት ይቆልፉ፣ የጋለ ቀለህ ይገባል!» ጋሼ ጥላዬም ሙቀቱን ምክንያት አድርገው አልቆለፉም።

ያን ጊዜ እቴጌ ሉሊት ያልታሰበ ነገር አደረገች። ቆሞ ማየት እንደማይሆንላት ተናግራ አንዲት ትንሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ተከራየች፣ ከባሏም በስተግራ ባለው መደብ ተሰለፈች። እኔም በጀግንነት ከወፍራሙ መስታወት ጀርባ ገባሁ።

ጋሼ ጥላዬ ስድስቱን ጥይት አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን እያጎረሱ ከተቱ። አነጣጠሩ፤ ዓይናቸውንም ሁለቱንም ጨፈኑ፤ ተኮሱም። ነጎድጓድ ሆነ፣ የባሩድ ጢስም ወጣ፣ ወረቀታቸው ግን እንደ ነጠላ ነጭ ነበረ። ስድስቱም አለቁ፤ ነጭ። ደግመው አጎረሱ፤ አሁንም ነጭ። በሽጉጡ ጎን ላይ ጥላሸት ሲያርፍ አየሁ፣ የእሳቸውም ፊት አብሮ ጠቆረ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሞልተው ጥቂት እንደተኮሱ ከሉሊት ሽጉጥ የወጣ አንድ የጋለ ቀለህ በመደቦቹ መካከል ባለው መከለያ ላይ ዘልሎ፣ በአየር ላይ ተገለባብጦ፣ ባልተቆለፈው ኮሌታ ገብቶ በጀርባቸው ወረደ። ኦ አንባቢ፣ ዳርሊን በኋላ እንደነገረችን በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው የጎረሰ ሽጉጥ እንደያዘ ዞሮ ይጨፍራል፣ ሰውም ያስፈጃል። ጥላዬ ግን፣ ጀርባቸው እየተጠበሰ፣ እንባቸውም በመነጽራቸው ስር እየወረደ፣ ጣታቸውን ከምላጩ አወጡ፤ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳቀኑ አባ መስታወትን በመደቡ ላይ ቀስ ብለው አስተኙ፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ብቻ እስክስታ ወረዱ። ትከሻቸው እንዲህ ሲሰበቅ በሠርጋቸውም ቀን አልታየም።

ዳርሊንም ተኩስ አስቁማ እየሮጠች መጣች፣ በቤቱ ሁሉ ፊትም አወጀች፦ «ሁላችሁም እዩ! ሽጉጥ እንዲህ ነው የሚያዘው! በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም!» ሰዎችም አጨበጨቡ። ሉሊት ግን ሽጉጧን አስቀምጣ ሸሚዙን ከኋላ ገልባ የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛው ውሃ ታብሰው ጀመር። በዚህም መካከል ለእርሷ ብቻ፣ በዝግታ፣ «ሉሊትዬ፣ እስከ ዛሬ ተኩሼ አላውቅም» አሏት። እርሷም፣ «አውቃለሁ እኮ» አለች።

ወረቀቶቹም በመጡ ጊዜ የጋሼ ጥላዬ ኢላማ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። በሉሊት ወረቀት ላይ ግን ከጥቃቅኖቹ የእርሷ ቀዳዳዎች ጋር ትልልቅ ቀዳዳዎች ተገኙ፤ አንደኛውም በትክክል በኢላማው መሃል ነበር። ዳርሊን ቀዳዳዎቹን በጣቷ ለካች፦ «ትንንሾቹ የእመቤቲቱ ናቸው፣ ትልልቆቹ የጌታዬ። የቀሩት ግድግዳዬ ውስጥ ናቸው። በሰው ወረቀት መተኮስ ክልክል ነው! ግን ይቺ መሃል ላይ ያለችው... ግሩም ናት።»

ሉሊት ወረቀቱን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከንፈሯንም ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያም ፈረደች፦ «ወረቀት ከመታህ አልኩ እንጂ የማን ወረቀት አላልኩም። ቃሌን አላጥፍም፣ ቡፌው ያንተ ነው። ግን እስቲ እሱን ሽጉጥ አንዴ ስጠኝ።»

ሰጧትም። እርሷም ደግማ ሞልታ፣ ወደ ቦታው በተመለሰው የጥላዬ ነጭ ወረቀት ላይ ስድስቱንም አከታትላ፣ በአንድ እንጀራ ዓይኖች ቅርበት ደረደረቻቸው። አባ መስታወትንም ወደ ደረቷ አስጠግታ አዲስ አዋጅ አወጀች፦ «ይሄ ግን የኔ ነው!»

እኔ ጋሼ ጥላዬ የሚወድቁ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ። አልወደቁም። ወደ ማሪዬታ በምንመለስበት መንገድ ሁሉ እቴጌይቱ ከኋላ ወንበር ስለ ምላጩ ልስላሴ፣ እጀታው እጇን እንዴት እንደሞላው አወራች፤ እሳቸውም አንገታቸውን ጠምዝዘው መለሱላት፣ ስለ ብረቱ ዘመን፣ ስለ ተሽከርካሪው ድምፅ፤ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሰው ሳይሰለች ሲሰማቸው ይህ የመጀመሪያ ነበር። ቤትም እንደደረሱ የጀርባቸው ቁስል እየለበለባቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ቡፌውን በገዛ እጃቸው ባዶ አደረጉ፤ ሳህኑንም አጥበው መለሱ። እሑድም ማኅበርተኛው በባለወርቅ ጠርዙ ሳህን በላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እቴጌ ሉሊት ማልዳ ተነሥታ አባ መስታወትን በሳጥኑ ቆለፈች፤ ጋሼ ጥላዬም ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሮ ቆልፈው ሳጥኑን ተሸክመው ከኋላዋ ተከተሉ። እነሆ ጥላዬ፣ የአላባማ መንገድ ድል አድራጊ፣ በእሳት መካከል አፈሙዝ ያላዞሩ፣ ድል አድርገው ድላቸውን የመለሱ፣ ከጌትነት ወደ ሚስታቸው ጋሻ ጃግሬነት በገዛ ፈቃዳቸው የወረዱ፣ ሲወርዱም እያፏጩ የወረዱ! ክብራቸው እንደ ብረታቸው አይዝግ፤ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን። አሜን።