የጋሽ ጃልዴሳ ዲሽ

የጣቢያችን ዘበኛ ጋሽ ጃልዴሳ በየማለዳው የዲሹን እግር በጣታቸው አንጓ ሁለቴ ያንኳኩና «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደረ ይጠይቁታል። መልሱን ይጠብቃሉ። የእኛ የሠራተኞቹ ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው።

አሮጌ ዕቃ የማያስጥል አንድ ሽማግሌ የሌለው ከተማ አላየሁም። የቆመ ሰዓት፣ ክዳን የሌለው ቴርሞስ፣ እግር የጎደለው ወንበር ባየ ቁጥር «ምን ሆነና?» ይላል። የነጌሌው የእኛው ጋሽ ጃልዴሳ ግን የሁሉም ሊቀ መንበር ናቸው። እሳቸው የማያስጥሉት ዕቃ ቤት ያክላል።

ዲሹ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ ሞገድ ይለቅማል። የድሮው መመዝገቢያ ግን የደቂቃውን ሁሉ ጨምቆ አንድ ነጥብ ብቻ ያሰፍር ነበር። ከዓይን ጥቅሻ የሚያጥር ምልክት እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። አምና ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ ዲሹ በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት ካልያዘ ተቆርጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል።

«ምን ሆነና? ጆሮው ደህና ነው፤ የሚያንቀላፋው መዝጋቢው ነው» አሉ ጋሽ ጃልዴሳ።

መሐንዲሷ ረሆቦት በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ገጠመች። ወዲያው በምልክት ተጥለቀለቅን። ጨፈርን። በሦስተኛው ሳምንት ግን ረሆቦት ቀኖቹን አስተያየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ሰማይ የገበያ ቀን ያውቃል እንዴ?»

የያዝነው ወደ ገበያ የሚጎርፉት ሞተር ሳይክሎች ሻማ የሚረጨው ብልጭታ ኖሯል።

«ኢንታላ ኮ፣» አሉ ልጃቸውን እንደሚያባብሉ፣ «መንጋ ሲገባ አይተሽ አታውቂም? ከሩቅ፣ ከአሬሮ የመጣ ከብት ፈጣኑ ይቀድማል፣ ዘገምተኛው ኋላ ይንጠባጠባል። አንድ ላይ ግር ብሎ የገባ የጎረቤት ነው።»

ረሆቦት አፏን በእጇ ያዘች። «ይህን እኮ ለፈተና ሸምድጄው ነበር! ከሩቅ የመጣ ሞገድ ከፍተኛው ድግግሞሽ ይቀድማል፣ ዝቅተኛው ይዘገያል!» በዚያው ቀን አንድ ላይ ግር ብሎ የሚገባውን ሁሉ የሚጥል ፕሮግራም ጻፈች። ጋሽ ጃልዴሳ ነገር ሲጣል ዝም ብለው ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ የተንጋደደ መስመር ወጣ። ፈጣኑ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ኋላ ተንጠባጥቦ። ረሆቦት መዘግየቱን ሦስቴ አሰላች።

«ጋሼ፣ ይሄ የቢሊዮን ዓመት መንገድ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጮሂያለሽ? ውሃ ስጡት፤ ደክሞታል!» ብለው እሳቸው ከሁላችንም በላይ ጮኹ።

ዓርብ ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ብረት ቆራጭ ባለሙያ ይዘው ነበር። ቆራጩም ከዲሹ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ተመለሰ።

ይህን ለመጻፍ ስሰናዳ ከዲሹ ጀርባ ሄድኩ። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ፣ ከአንድ እስከ ሰባ ሁለት፣ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ጠየቅኳቸው።

«ቢቆርጡት ግቢዬ ወስጄ መልሼ ልገጥመው ነበር» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «ሌላውን ሁሉ ጻፊ ልጄ። ፈርቼ እንደነበር ብቻ አትጻፊ።»