ሐኪም ነካሹ ሐኪም

ሰው አክስቱን ከሕዝብ ግንኙነት ሥራ ማሰናበት ይችላል? ያልቀጠራትን፣ ደመወዝ የማይከፍላትን፣ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ ጠይቃ የማታውቀውን? ጥያቄው ከባድ ነው። መልሱን የሚያውቅ ሕግ አዋቂ እስኪገኝ ድረስ የአንድ ጥርስ ሐኪም ታሪክ እናቅርብ።

ነገሩ የተጀመረው የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስበው ታሪካዊ ንግግር ባደረጉ ጊዜ ነው። "የጥርስ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ተለቋል፤" አሉ። "ከእንግዲህ ግን ማንም በችሎታው ብቻ አይሾምም። በበይነ መረብ ላይ ያለው ገጽታ ይመረመራል። ስማችን ንብረታችን ነው!" ተጨበጨበ። ችሎታ ብቻውን እንደማይበቃ ሲሰሙ ደስ ያላቸው ሰዎች በተለይ አጥብቀው አጨበጨቡ።

ሐኪሙ ቦታውን ከልቡ ይፈልገዋል። ለዓመታት መስኮት በሌለው ክፍል፣ ወደ ኋላ አልተኛም ከሚል የሕመምተኛ ወንበር ጋር ሲታገል ኖሯል። የኃላፊው ክፍል መስኮትም፣ የሚታዘዝ ወንበርም አለው። ስለዚህ በዚያው ቀን ገጽ ከፈተ፤ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንድ ትልቅ ነገር የገባው ሰው መስሎ ፎቶ ተነሣ። የመጀመሪያ ጽሑፉም ይህ ነበር፦ "የጥርስ ሕክምናን መፍራት የሠለጠነ ሰው ጠባይ አይደለም።"

ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ አስተያየት ወጣ። የጻፈችው ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ እታለም ይላታል። እታለም ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል የተባረከች ሴት ናት።

"እውነትህን ነው የኔ ጌታ! አንተም ትሠለጥናለህ ብሎ ማን አሰበ? ያ ሐኪም መንጋጋህን ሊነቅል ሲል ጣቱን ነክሰህ ቁም ሳጥን ውስጥ የገባህ ቀን፣ በብስኩት አባብለን ነው ያወጣንህ። ሱሪህንም ቀየርንልህ። እደግልኝ!"

ሕዝቡ ሳቀ። ሐኪሙ ስልኩን አነሣ።

"እታለም፣ የጻፍሽውን አጥፊው።"

"ምነው፣ ፊደል ሳትኩ?"

"ስለ ንክሻው ነው!"

"ውሸት ነው እንዴ?"

"አይደለም፣ ግን የግል ጉዳይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ያዩታል።"

"ውይ! እነሱንም ነከስካቸው?"

"እታለም!"

"እሺ እሺ፣ አስተካክለዋለሁ። ብቻ አትቆጣ፤ ስትቆጣ ሆድህን ይነፋሃል።"

እታለም ቃሏን አክባሪ ናትና ወዲያው ከሥር ጻፈች፦ "ከላይ ያለው እንዲቀር ልጄ ስላዘዘኝ፣ ሐኪሙን አልነከሰም። ሱሪውም ደረቅ ነበር።" ይህ ማስተባበያ ከዋናው ዜና የበለጠ አንባቢ አገኘ።

በማግስቱ አንድ ታካሚ "ቀጠሮዬን አሳለፈብኝ" ብሎ ገጹ ላይ ወቀሰ። እታለም ለጥብቅና ተነሣች፦ "አንተ ባለጌ! ልጄ ሆን ብሎ አያስጠብቅህም። ሆዱን አሞት ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ባቄላ አይስማማውም።" ከዚያ ወዲህ ነርሶቹ በኮሪደር ሲያገኙት "ዶክተር፣ ዛሬ ምሳ ምን በሉ?" እያሉ በአክብሮት ይጠይቁት ጀመር።

እሑድ ዕለት ሐኪሙ አክስቱ ቤት ሄዶ፣ ሶፋው ላይ አስቀምጧት፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ጥልቅ ትምህርት ሰጣት። "ስም ማለት እንደዚህ ብርጭቆ ነው፤ አንዴ ከወደቀ አይጠገንም" ብሎ ብርጭቆውን ከፍ ሲያደርግ አመለጠው። ፕላስቲክ ስለነበር ነጥሮ ሶፋው ሥር ገባ።

"ታዲያ ስለ አንተ ምን ልጻፍ?" አለች እታለም።

"ምንም።"

"መልካም መልካሙንስ?"

"ምንም።"

"ልደትህ ሲሆንስ?"

"የልደት ቀን ለሌባ ቁልፍ ነው፣ እታለም።"

እታለም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። "እኔ እንግዲህ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ ብዬ ነበር" አለችና ስልኳን አቀበለችው። እሱም አስተያየቶቿን አንድ በአንድ አጠፋ፤ ገጿንም ዘጋላት። ንጽሕና ሰፈነ።

ለቦታው ሰው የሚመርጠው ኮሚቴ በተሰየመ ዕለት የሐኪሙ ገጽ ተቀቅሎ እንደወጣ መቆንጠጫ ጸድቶ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ገጹን በጣታቸው ወደ ታች ገፉ። ደግመው ገፉ።

"የንክሻው ታሪክ የታለ?"

"አጥፍቼዋለሁ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። ለስማችን ስል።"

"አጠፋኸው? ሕመምተኛው እኮ በር ላይ ቆሞ 'ያ ነካሹ ይየኝ፣ እሱ ፍርሃት ያውቃል' ነው የሚለው! ሌሎቹ እጩዎች ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል፤ ማንን ከማን እንለይ? ልንሾም የተዘጋጀነው ነካሹን ነበር።"

"እኔ ነኝ እኮ ነካሹ!"

"ማስረጃ?"

ሐኪሙ እዚያው በኮሚቴው ፊት ጻፈ፦ "በልጅነቴ ሐኪም ነክሻለሁ።" ሕዝቡ አላስጠበቀውም። "ለሹመት ሲል ነከስኩ የሚል ጉረኛ!" አለ አንዱ። "ይሄ የሚነክስ ሰው መልክ ነው?" አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ደግሞ፣ የተነከሰው ሐኪም ጣቱን ይዞ እንዲቀርብ ጠየቀ።

ኮሚቴው ራስን በራስ ማመስገን ተቀባይነት እንደሌለው አስታውሶ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ እጩው ቦታውን የሚያገኘው፣ ስለመንከሱ የቤተሰብ ምስክርነት ከሥራ መውጫ በፊት ገጹ ላይ ከታየ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ወጥቶ ደወለ። አይነሣም። መልእክት ጻፈ፦ "እታለም፣ እኔ ነኝ። ገጽሽን አሁኑኑ እከፍትልሻለሁ። ስለ ንክሻው ጻፊልኝ። ስለ ቁም ሳጥኑም። ሱሪውንም ከፈለግሽ እርጥብ አድርጊው።" ላከ።

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወጣ። ሐኪሙ ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩን እያየ ቆመ። ከውስጥ ወንበር ሲገፋ፣ ሰው ለሌላ ሰው "እንኳን ደስ አለህ" ሲል ተሰማ። መልስ አልመጣም። በዚያ ከተማ የግል መረጃን እንደ እታለም የጠበቀ ሰው እስካሁን አልተገኘም።