የሚኮላ ብቸኛ ተማሪ

ስዊድኖች ሙዚቃ ሲያዳምጡ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጅ ጭን ላይ፣ ትንፋሽ ዋጥ፣ ዓይን ወደ ፊት። ሳል ቢመጣ እንኳ ዜማው እስኪያልቅ ወረፋውን ይጠብቃል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ዝም ያለ አድማጭ ወይ ተኝቷል ወይ ተቀይሟል። የቱ ልክ ነው ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ስዊድን፣ ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር የአንድ ባህል ቤት ቫክትሜስታሬ ነበርኩ፤ ሥራዬ በር መክፈትና ወንበር መደርደር እንጂ መዳኘት አልነበረም።

ፈረንጆቹ ሚሊኒየማቸውን አክብረው ጨርሰው እኛ የራሳችንን በምንጠብቅበት ሰሞን፣ በር ከምከፍትላቸው ሰዎች አንዱ ሚኮላ የሚባል ዩክሬናዊ የሙዚቃ መምህር ነበር። ባንዱራ የሚሉትን የአገሩን መሣሪያ ይጫወታል፣ ያስተምራልም፤ ክራርና በገና ተደምረው በአውታር ብዛት አያክሉትም። እንደ ሕፃን አቅፎ ሲደረድረው አንጀት ይበላል። ማስተማሩ ላይ ግን የኔታ ነው፤ የጎደለው አለንጋው ብቻ። "መምህሬ የሰጠኝ ይህ ነው፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም" ይላል። ተማሪ ከራሱ አንዲት ድምፅ ጣል ካደረገ ትምህርቱ ከሀ ይጀመራል። እንዲህ እያለ ተማሪዎቹ ተንጠባጥበው አለቁ። የመጨረሻዋ፣ ፍሌሚንግስቤሪ በሚባል ሰፈር ነርስነት የምታጠና የአገሩ ልጅ፣ ፈተና በዛብኝ ብላ ቀረች። አስተዳደሩም ቁርጡን ነገረው፦ አንድ ዝግጅት አሳይ፤ በዚያ ዕለት አንድ እንኳ ተመዝጋቢ ካልተገኘ ክፍሉ ለዮጋ ይሰጣል።

"መምህሬ የሰጠኝን አደራ ይዤው ልሙት?" አለኝ ወንበር ስደረድር። እኔም ወንበር ጨመርኩ።

ባዶ ወንበር ደግሞ አያምርም። ስለዚህ ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈሬ ያሉትን ጎረቤቴን ጋሽ ይማምን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ አዝማሪ ፊት ተቀምጠው "ተቀበል!" እያሉ ግጥም ሲሰጡ፣ አዝማሪውም እየተቀበለ ሲያዜምላቸው የኖሩ። ስዊድን ከገቡ ወዲህ ግን የሚቀበላቸው ጠፍቶ ግጥሙ ሆዳቸው ውስጥ ተጠራቅሟል። ይህን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

ሚኮላ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሐዘን ያዘለ ዜማ ጀመረ። ጋሽ ይማም መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጥሎ "አሃ!" አሉ፣ ቀጥሎ ተነሥተው ቆሙ።

"ተቀበል!
እንግዳ ነኝ ብዬ ደጅ ቆሜ ሳንኳኳ፣
እሱም እንደኔው ነው ባለቤቱ ለካ!"

የሚኮላ እጅ አውታሩ ላይ ደረቀ። አንዲት ሴትዮ የአደጋ ጊዜ መውጫውን በዓይኗ ፈለገች። እኔም እየተንተባተብኩ አስረዳሁት፤ እሳቸው ይሰጣሉ፣ አንተ ተቀብለህ ታዜማለህ። "እኔ የመምህሬን ነው የምጫወተው" አለ ፊቱ ቀልቶ፤ "አልጨምርም፣ አልቀንስም።" ዝግጅቱ ሲያልቅ ሰዉ አጨበጨበ፣ "በጣም ውብ ነው" አለ፣ ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። መመዝገቢያው ጋ ዝር ያለ የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ሰርጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እመዘገባለሁ" አሉ ጋሽ ይማም።

"ጣትዎን እኮ ሪህ ይዞዎታል፣ ጋሼ።"

"አብሽር! መዝግብ አልኩህ እንጂ አክመኝ አልኩህ?"

ክፍሉ ተረፈ፤ የዮጋ ሴቶቹ ከእነሱ ቀጥሎ እንዲገቡ ተደረገ። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው። በየማክሰኞው ሁለቱ በተሰባበረ ስዊድንኛ ሲጨቃጨቁ ከኮሪደር እሰማለሁ። ወራት አልፈው ጋሽ ይማም አንዲት ወፍራም አውታር ከመምታት አላለፉም። የሚኮላ አደራ እዚያው ክፍል ውስጥ ሊቀበር ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩ።

አንድ ቀን ሚኮላ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "ያን ዕለት ሽማግሌው ያሉት ምን ነበር?" እንግዳው በር ሲያንኳኳ፣ ባለቤት የመሰለውም እንግዳ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ ይኸው ነው አልኩት። መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ባቡሩ ሄደ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰዓታቸው አልፎም አልወጡም። የዮጋ ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል። ገባሁ። ባንዱራው ጋሽ ይማም ጭን ላይ ነው፤ ያችኑ አውታር ድም፣ ድም ያደርጓታል። ሚኮላ ባዶ እጁን አጣምሮ በአገሩ ቋንቋ ያዜማል፤ በዚያ ቤት ሰምቼው የማላውቀው ዜማ ነው።

"ይሄም የመምህርህ ነው?" አልኩት።

"የእሳቸው ግጥም ነው፤ ተቀበልኩት" አለና ትንሽ አፈረ። "መጨረሻው ላይ ግን ጥቂት ጨምሬበታለሁ።"

"ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ቀስ እያለ ይለምዳል" አሉኝ ጋሽ ይማም በአማርኛ።

መዝገቡ ላይ ተማሪ ተብለው የተጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ያን ማረም የእኔ ሥራ አይደለም። በሩን ቀስ አድርጌ መለስኩና ሴቶቹን ትንሽ ታገሡ አልኳቸው። ትዕግሥት ሊማሩ አይደል የመጡት?