እንደተቀመጡ ይቆጠሩ፦ የአዲስ ዓመት ጎመንና ቋሊማ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 2019

ቦታ፦ ፔንስልቬንያ፣ የሊንደን ጋፕ በጎ ፈቃደኞች እሳት አደጋ ማኅበር አዳራሽ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ረጅሙ ጠረጴዛ

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ ከጠዋቱ 3፡15

የተገኙ አባላት፦
አቶ ማሎን ራይንሆልድ፣ ሰብሳቢ
አቶ ሌስተር ክሊንገር፣ ሥጋ ሻጭ፣ የቋሊማ ጉዳይ ኃላፊ
አቶ አርላን ሆክ፣ የመብራትና የሶኬት ጉዳይ ኃላፊ
ወ/ሮ ቨርና አምሆልትዝ፣ የወጥ ቤት ኃላፊ
ወ/ሮ ኦርፋ ሊቦ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ክሌር ሽዋልም አጋዘን አደን ወጥተዋል። አቶ ሬይ ዊትመር ጎመን ይታጠብ አይታጠብ በሚል ከአቶ ሌስተር ጋር ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ስለሆናቸው ቀርተዋል። የሁለቱም ምክንያት በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ 9 መሠረት ከሰባቱ አባላት አምስቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ሲቀመጡ ይሟላል። አምስት ሆነን ተቀምጠን ስለነበር ተሟልቷል። ይህ ሁኔታ እስከ 3፡22 ቆይቷል።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሮ ቨርና ሐሳብ

ወ/ሮ ቨርና የአዲስ ዓመቱን ምሳ ለመቶ ሃያ ሰው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በትልቁ የብረት ድስት፣ ቆመው እያማሰሉ ሲሠሩ መኖራቸውን አስታውሰው፣ ዘንድሮ ግን ቀስ ብለው በሚያበስሉ ስምንት የኤሌክትሪክ ድስቶች ይሠራ ብለዋል። አሠራሩንም ቀላል ነው ብለው አስረድተዋል። ኮምጣጣውን ጥቅል ጎመን ከነውኃው መገልበጥ፣ ቋሊማውን ከላይ መደርደር፣ አንድ ፖም ከትፎ መጨመር፣ መክደን፣ ሶኬት ላይ መሰካት፣ መተው። ለናሙናም አንዱን ድስት 3 ሰዓት ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ጫፍ አስቀምጠውታል። ክዳኑ ካልተከፈተ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል።

ሰብሳቢው አርባ አንድ ዓመት የሠራ ነገር ዛሬ ምን ጎደለው ብለው ሲጠይቁ ወ/ሮ ቨርና የሰጡት መልስ እንዳለ ተይዟል፦ "ይህን ምሳ ትኩሱን በልቼው አላውቅም፣ ማሎን። እናንተ ስትበሉ አያለሁ፣ ከዚያ ድስት አጥባለሁ። ዘንድሮ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ መብላት ነው የምፈልገው።"

ከዚያም ሰብሳቢው ሐሳቡ እጅግ ጥሩ መሆኑን ገልጸው፣ ቡና ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። ወ/ሮ ቨርና ሊቀዱ ተነሡ።

ጸሐፊዋ የተቀመጥነው አራት ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አሳሰበች። አቶ አርላን ታዲያ ቡናውን ማን ሊቀዳው ነው ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው ከባድ ሆኖ ተገኘ። ከረጅም ውይይት በኋላ ወ/ሮ ቨርና ለኮሚቴው አገልግሎት በቆሙ ጊዜ ሁሉ እንደተቀመጡ ይቆጠሩ ተብሎ በአራት ድምፅ ተወስኗል። ወ/ሮ ቨርና ድምፅ አልሰጡም፤ ወተት ሊያመጡ ሄደው ነበር።

አጀንዳ 2፦ ጎመኑ ይታጠብ ወይስ አይታጠብ

ሰብሳቢው ያልታጠበ ኮምጣጣ ጎመን ሆዳቸውን እንደሚያቃጥላቸው፣ እናታቸውም ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ያጥቡት እንደነበር ተናግረዋል። አቶ ሌስተር ጎመኑ በጋን ውስጥ ስድስት ሳምንት የደከመበትን ጣዕም በቧንቧ ውኃ መስደድ ግፍ ነው ብለው፣ "እናትህን ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ያጠቡት ጎመን እኮ ሣር ሣር ይላል" ሲሉ አክለዋል። ሰብሳቢው ንግግሩን መልሰው እንዲወስዱ ጠየቁ። አቶ ሌስተር ስለ እናትየው የተባለውን መልሰው ወስደው ስለ ሣሩ የተባለውን እንዳለ ትተውታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የአራቱ ድስት ጎመን እንዲታጠብ፣ የአራቱ እንዳይታጠብ፣ በየክዳኑም ላይ ምልክት እንዲለጠፍ ተወስኗል። አጣቢና ለጣፊ፦ የወጥ ቤት ኃላፊዋ። በዚህ ሰዓት ስኳር ፍለጋ ላይ ስለነበሩ እንደተቀመጡ ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ቋሊማው

አቶ አርላን ሐኪም የአሳማ ሥጋ ስለከለከላቸው ተርኪ ከሚባለው ትልቅ ዶሮ የተሠራ ቋሊማም ይግባ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሌስተር በጽኑ ተቃውመዋል። አሳማ መሬቱን በአፍንጫው ወደ ፊት እየቆፈረ እንደሚሄድ፣ ተርኪ ግን እንደ ማንኛውም ዶሮ ወደ ኋላ እንደሚጭር፣ በአዲስ ዓመት ቀን ወደ ኋላ የሚጭር የበላ ሰው ዓመቱ ወደ ኋላ እንደሚጎትተው ሕፃን የሚያውቀው ነው ብለዋል። አቶ አርላን፣ አምና አሳማውን ጠግበው በልተው በማርች ከጣራ መውደቃቸውን አስታወሱ። አቶ ሌስተር ባይበሉ ኖሮ በእግር ሳይሆን በራስ ይወድቁ እንደነበር መልሰዋል።

ለአቶ አርላን ብቻ ዘጠነኛ ድስት ይጨመር፣ የሚመጣው ዕድልም የራሳቸው ይሁን ተብሎ ተወስኗል።

አቶ ሌስተር አያይዘው ቋሊማው ድስት ከመግባቱ በፊት በመጥበሻ ሁለት ጎኑ ቡናማ ይሁን ብለዋል። "የእኔ ቋሊማ እንደ ሕመምተኛ ገርጥቶ ሰው ፊት አይቀርብም" ብለዋል። ወ/ሮ ቨርና ከወጥ ቤት ሆነው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት መቶ አርባ መሆኑ ተነገራቸው። መልስ አልሰጡም። ዝምታቸው እንደ ስምምነት ተወስዶ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ 4፦ ክዳን

ይህ አጀንዳ በዕቅድ አልተያዘም ነበር። 5፡05 ላይ አቶ አርላን ሶኬቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ በሚል የናሙናውን ክዳን ከፍተው ተገኙ። ወ/ሮ ቨርና፣ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ሰዓት እንደሚጨመር አስረዱ። ኮሚቴው ናሙናውን ሳይቀምስ እንደማይበተን አስቀድሞ ተስማምቶ ስለነበር ስብሰባውም በግማሽ ሰዓት ተራዘመ። አቶ ሌስተር ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ አቶ አርላንን አጽናኑ። አቶ አርላን ዕንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እሳቸው እግራቸው እንደሚከዳቸው ገልጸዋል።

ክዳኑን የሚጠብቅ ሰው ይመደብ ተብሎ የኤሌክትሪክ ዕውቀት ያላቸው አቶ አርላን ተመረጡ። 6፡10 ላይ ጠባቂው ማንም እንዳልከፈተው ለማረጋገጥ ክዳኑን ከፈቱት። ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። ጥበቃው ወደ ወ/ሮ ቨርና ይዛወር፣ በዕለቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከዘጠኙ ድስቶች አጠገብ ይቁሙ፣ ቆመውም እንደተቀመጡ ይቆጠሩ ተብሎ ተወስኗል።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

7፡40 ላይ ሰብሳቢው የተወሰነው እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊዋ አነበበች። ወ/ሮ ቨርና ሌሊቱ ሳይነጋ መጥተው የአራት ድስት ጎመን ያጥባሉ። ምልክት ይለጥፋሉ። ሁለት መቶ አርባ ቋሊማ በመጥበሻ ያገላብጣሉ። ለአቶ አርላን ለብቻ ይሠራሉ። ክዳን ይጠብቃሉ። ቡናም ይቀዳሉ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ታዲያ ቀላል የተባለው የቱ ጋ ነው?" ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ቨርና የቡናውን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ፣ "ለድስቱ ነው የቀለለው፣ ማሎን። እሱስ ቁጭ ይላል" ብለዋል።

ጸሐፊዋ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጠች የእያንዳንዱን ውሳኔ ሰዓት አየች። ከዚያም የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሣች። ከ3፡22 ጀምሮ አንድም ውሳኔ ወ/ሮ ቨርና ተቀምጠው አልተላለፈም። አቶ ሌስተር እንደተቀመጡ ይቆጠሩ መባሉን አስታወሱ። ጸሐፊዋ ያ ውሳኔ ራሱ ሲተላለፍ የተቀመጥነው አራት እንደነበርን፣ አራት ሰው ደግሞ አምስተኛ ሰው መቁጠር እንደማይችል አመለከተች።

"ኦርፋ፣ ወረቀቱን ተይው እስቲ" አሉ አቶ ሌስተር።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ሌስተር። እዚህ ወረቀትም ሞኝም እኔው ነኝ። ሦስት ስኒ ቀዳችልኝ፣ አንዴም ቀና ብዬ አላየኋትም።" ጸሐፊዋ ማፈሯ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ ጠይቃለች። ተይዟል።

ሰብሳቢው ተነሥተው ወንበር ሳቡ። "ነይ ቨርና፣ ተቀመጪ" አሉ። ወ/ሮ ቨርና ማንቆርቆሪያው ባዶ ስለሆነ ሞልተው እንደሚመለሱ ገለጹ። አቶ ማሎን ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ወሰዱ። ወ/ሮ ቨርና 7፡52 ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢውም ወደ ቦታቸው ተመልሰው ስለተቀመጡ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

በዚህም መሠረት ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የታጠበውም ያልታጠበውም ጎመን፣ መጥበሻውም፣ ዘጠነኛው ድስትም፣ የክዳን ጥበቃውም፣ መቆጠሩም ተሽሯል። ምሳው ወ/ሮ ቨርና 3፡15 ላይ እንዳሉት ይሠራል፤ ተከድኖ ይተዋል፤ ሲደርስ እኛ እናቀርባለን፣ እሳቸው ይቀመጣሉ። በአምስት ድምፅ ጸድቋል። አቶ ሌስተር ቋሊማው ይገረጣል ብለው አልቅሰው ሊሞቱ ጥቂት ቢቀራቸውም እጃቸውን አውጥተዋል።

የናሙናው ድስት 8፡00 ላይ ደረሰ። ለማቅረብ የግድ መነሣት ስለነበረብን ስብሰባው በዚያው ደቂቃ ተዘግቷል።

ከተዘጋ በኋላ ሳህን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ከአራታችን አልተገኘም። አቶ ማሎን የከፈቱት ቁም ሳጥን የእሳት ማጥፊያ ጎማ፣ አቶ አርላን የከፈቱት የገና ዛፍ መብራት የሞላበት ሆነ። ወ/ሮ ቨርና ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ጀምረው ተመለሱ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ "ከመታጠቢያው በስተቀኝ፣ የታችኛው" አሉ።

የተፈረመ፦ ማሎን ራይንሆልድ፣ ሌስተር ክሊንገር፣ አርላን ሆክ፣ ኦርፋ ሊቦ።

የወ/ሮ ቨርና ፊርማ የጎደለው እጃቸው ስለተያዘ ነው፤ ሹካና ቢላዋ ይዘው ነበር፣ ጎመኑም ገና ይጨስ ነበር።