የአክስቴ ለቅሶ በቴሌቪዥን

ማልቀስ ቀላል ይመስላችኋል? ከእናቱ ማኅፀን እያለቀሰ ያልወጣ ሰው የለምና ሁሉም ይችልበታል ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል። ማልቀስስ ሁሉም ያለቅሳል፤ አሳምሮ የሚያለቅስ ግን በአንድ አጥቢያ ቢገኝ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። የቀረው እንባውን አፍስሶ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ይቀመጣል። ደግሞ ማን ያየኛል እንዳትሉ። የእኛ አገር ሰው ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ የሚያወራው ስለ ሟች ብቻ አይደለም። ማን ከልቡ ደረቱን እንደመታ፣ ማን በነጠላ ተሸፍኖ ዓይኑን ብቻ እንዳሸ፣ የማን ሙሾ አንጀት እንደበላ አንድ በአንድ ይነሳል።

ይህን የምላችሁ እንዲያው በወሬ አይደለም፤ በሙያዬ ነው። እኔ የማልቀስ ባለሙያ ነኝ። እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ላይ እትዬ ፈንታነሽ የምትባለዋን ሴት ሆኜ ስተውን ይኸው ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እትዬ ፈንታነሽ የማታለቅስበት ነገር የለም። ብርጭቆ ሲሰበር ታለቅሳለች። መብራት ሲጠፋ ታለቅሳለች። መብራት ሲመጣም ተመልሶ ሊጠፋ ነው ብላ ታለቅሳለች። እሷ ባለቀሰች ቁጥር አገር ጉርሻውን በእጁ ይዞ ይስቃል። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም ጥሩወርቅ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራኝ የመታወቂያ ወረቀቴ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጥርሴን ታምሜ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ብጮህ፣ ሐኪሙ መርፌውን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቀጠለ፤ እንደገና ሳቀ። እንግዲህ ዝና ማለት ይህ ነው።

ይህን ጥበብ ከየት አመጣሽው? እያሉ ጋዜጠኞች ይጠይቁኛል። ዓይኔን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጌ የተፈጥሮ ስጦታ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከአክስቴ ከብርቄ ሰርቄ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ቀሐ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ድብ ባሕር እህቱ ዘንድ ይልከኝ ነበር። አክስቴ ብርቄ ገብስ ዘርታ፣ በግ አርብታ የምትኖር ገበሬ ናት፤ በአገሩ የታወቀችው ግን በገብሷ አይደለም። አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መልእክተኛው መጀመሪያ ወደ ቄስ፣ ቀጥሎ ወደ እሷ ይሮጣል። የያዘችውን ጥላ ትነሳለች። መንገድ ላይ መልእክተኛውን ትመረምረዋለች። ሟች የትኛውን በሬውን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፎ ነበር? ምን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ? ለቅሶው ቤት ስትደርስ ሥራዋን ጨርሳለች። ከድንኳኑ ፊት ትቆማለች፣ ጭኗን ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ ትንፋሿን ውጣ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ ሙሾውን ስታወርደው ከሟች ጋር በድንበር ተካሶ የነበረው ሰውዬ ሳይቀር ይንሰቀሰቃል። አንድ ሳንቲም ተቀብላ አታውቅም። የደብሩ ቄስ ሙሾ አይገባም እያሉ በየለቅሶው ይገሥጿት ነበር፤ የራሳቸው እናት ሲሞቱ ግን በቅሎ ጭነው አስመጧት። እኔ ከኋላዋ ነጠላዋን ይዤ ሁሉንም እሰማ ነበር።

ጎንደር ስመለስ ለጎረቤት ዶሮ፣ ለጠፋ እርሳስ ሁሉ ሙሾ አወርድ ጀመር። የትምህርት ቤቱ ድራማ ክበብ በዚህ ያዘኝ። ከዚያ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ገብቼ ብዙ ዓመት የተወንኩት አንዲት አረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል።» በየድራማው ሽርጥ አስረው ያስገቡኛል፣ ይህችን ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ በእንባ ብናገራት ዳይሬክተሩ ቀረጻውን አስቆመና የመጣው እንግዳ እንጂ መርዶ እንዳልሆነ አስታወሰኝ።

የእትዬ ፈንታነሽ ፈተና ሲወጣ እኔም ተሰለፍኩ። ፈተናው ለተሰበረ ፔርሙስ ማልቀስ ነበር። ከእኔ በፊት የገቡት ቆንጆዎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው አንድ አንድ እንባ ጠብ አደረጉ። እኔ ፔርሙሱ ፊት ቆምኩ። ጭኔን ሁለት ጊዜ መታሁ። ከዚያ በጧት ማን ሙቀቱን እንደሚጠብቅልኝ፣ ክዳኑ ያለ እሱ እንዴት ብቻውን እንደሚያድር እየጠራሁ አወረድኩለት። ከፈታኞቹ አንዱ ከወንበሩ ወደቀ። ሥራውን ያገኘሁት እሱ ከወለሉ ሳይነሳ ነው።

አክስቴ ለዓይኗ ሕክምና አዲስ አበባ መጥታ እኔ ቤት ያረፈች ጊዜ እሑድ ደረሰ። ቴሌቪዥኑን ልደብቀው ምንም አልቀረኝም። ያን ቀን እትዬ ፈንታነሽ የምታለቅሰው ለተሰበረ ፔርሙስ ነበር፤ አክስቴ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አየች። አልሳቀችም። ሲያልቅ ነጠላዋን አጣጠፈችና ፍርዷን ሰጠች፦ «ሸጋ ነው። ግን ትቸኩያለሽ። ደግሞስ ምነው ለፔርሙስ ይህን ያህል? በሬ ቢሆን ይገባል።» ይኸው ነው። በሙያዬ ስለ እኔ ብዙ ተጽፏል፤ የተማርኩበት ትችት ይህ ብቻ ነው። በሩ ላይ ስንሰነባበት ግን እጄን ጨበጥ አድርጋ አንድ ነገር አስማለችኝ። ለቅሶው የእሷ መሆኑን ለአገሯ ሰው እንዳልናገር። «ይህን ከሰሙ ለቅሶ ቤት በቆምኩ ቁጥር ይስቁብኛል» አለች። ማልኩ። ጠበቅሁም።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ጌጡ ደወለ። ብርቄ አርፋለች። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ የደረስኩት ለሰልስት ነው። በአውሮፕላን ጎንደር ወርጄ መኪና ተኮናተርኩ። ሾፌሩ እንዳወቀኝ ያስታውቃል፤ ጥቁር መልበሴን አይቶ ግን ጨዋ ሆነ። ወለቃ ስንደርስ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። አክስቴ ሞታ ነው ስለው እንባዬ መጣ። ነፍስ ይማር አለ፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከንፈሩን ነክሶ ነዳ፤ ከዚያ የሸክላ ሻጮቹ ጎን ዳር ይዞ አቆመና ወርዶ መኪናው ኋላ ተደብቆ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ምን እንደሚጠብቀኝ የገባኝ።

ጌጡ ከመንገድ ተቀበለኝ። አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። በመጀመሪያ፣ እናቱ ደኅና ሙሾ ሳይወርድላት ተቀብራለች። ለሁሉም የምታወርደው እሷ ነበረች፤ እሷ ስትሞት ማን ያውርድላት? ሰው እንባውን አፍስሶ ገባ። ሽማግሎቹም አፍረዋል። ሁለተኛ፣ የእኔን መምጣት ሰምቶ ሟችን የማያውቅ ሰው ሳይቀር ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ድንኳኑን ሞልቶታል። ይህን ካለኝ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያየ፣ ለመሆኑ እንዴት ነው የምታለቅሽው? ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው አያስቅም። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ዘመድ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ዝም ብሎ ገብቶ አይቀመጥም። ከማዶ ጀምሮ እያለቀሰ ይመጣል፤ ድንኳን ውስጥ ያለው ተነስቶ ይቀበለዋል፤ ለቅሶው እንደገና ይነሳል። ዝም ብዬ ብገባ በየክረምቱ ያሳደገቻትን አክስቷን ያላለቀሰች ልበ ደንዳና እባላለሁ። ባለቅስ ደግሞ የአልቃሿ የብርቄ ሰልስት መሳቂያ ሊሆን ነው። ጌጡ ተሸፍነሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ቶሎ ግቢ አለኝ። እሺ አልኩ።

ድንኳኑ ሲታየኝ ግን ቃሌን የት እንዳደረስኩት እንጃ። ደጃፏ፣ የበጎቹ ጉረኖ፣ ነጠላዋን ይዤ የምወጣበት ቀጭን መንገድ ሁሉም አለ፤ እሷ የለችም። «ወዮ እቴ ብርቄ!» ብዬ ጮኽኩ። ድንኳኑ ተነሳ። ከፊት የቆመች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሰይ፣ አለቀሰችልኝ አልኩ። ቀረብ ስል ነው ዓይኗ ደረቅ መሆኑን ያየሁት። ከኋላዋ አንዱን ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። ሌላዋ እሱን ሰምታ ለቀቀችው። የአገሩ ሽማግሌ አያ ተሰማ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ጋቢው ይነቃነቃል። ባንድ አፍታ ድንኳኑ በሙሉ በሳቅ ተናጠ። የጌጡን ፊት ማየት አልቻልኩም።

አፈርኩ። ለዓመታት የለመድኩት ሳቅ ያን ቀን እንደ ጥፊ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። አክስቴ ለእነዚህ ሁሉ እናትና አባት ጉሮሮዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች፤ እሷን ነው ወይ በሳቅ የሚሸኟት? ጩኸቴን አቆምኩ። ቆምኩ። ጭኔን ሁለት ጊዜ መታሁ። ትንፋሼን ውጬ ዝም አልኩ፤ አልቸኮልኩም። ሳቁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ አወረድኩ፦

ያላለቀስሽበት አንድም ቤት አልቀረ፣
ላንቺ የመጣው ሰው በሳቅ ተሳከረ።

ራሴ ሳላስበው የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ የእሷ ነበር፣ ከነጎርናናነቱ፣ ከነትንፋሹ።

የሰው ለቅሶ ሁሉ ስትመሪው ኖረሽ፣
ዛሬ ለራስሽ ቀን ምነው ዝም አልሽ?

ከድንኳኑ ጥግ እማማ ደብሬ የሚባሉ አሮጊት እየዳበሱ ተነሱ። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ነው፤ ቴሌቪዥን የሚባል አይተው አያውቁም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ምነው ቀብረናታል ብላችሁኝ ነበር!» ብለው ጮኹ። «ብርቄ ናት እኮ! ብርቄ መጣች!» ይህን ብለው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እሑድ እሑድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲስቅበት የኖረው የማን ለቅሶ እንደሆነ ለሁሉም አንድ ላይ ገባው። መሐላዬ ፈረሰ። ፊት የሳቀችው ሴት የመጀመሪያዋን ጩኸት ለቀቀችው፤ አያ ተሰማ ጋቢያቸውን አውርደው ደረታቸውን መቱ፤ ከሩቅ ቀበሌ ለእትዬ ፈንታነሽ ብሎ የመጣው ሳይቀር ለብርቄ ተንሰቀሰቀ። እኔ አወረድኩ፣ እነሱ ተቀበሉ። በሬዎቿን ጠራሁ፣ ገብሷን ጠራሁ፣ ቀርተው የነበሩትን ሙሾዎች ሁሉ ከፍዬ ጨረስኩ። ጌጡ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ግን ቀና ብሎ ነበር። እኔም እንባዬ እየወረደ ደረቴ በኩራት ተነፋ። ይህ ነውር ከሆነ ይቅር በሉኝ፤ የብርቄ ልጅ ነኝ።

መሄጃዬ ሲደርስ ሰው ከበበኝ። ልማዴ ነውና ነጠላዬን አስተካክዬ ለፎቶ ተዘጋጀሁ። አንድም ሰው ስልኩን አላነሳም። አያ ተሰማ ሽማግሎቹን አስከትለው ቀረቡና ከአዲስ አበባ ድብ ባሕር በስንት ቀን እንደሚደረስ ጠየቁኝ። ቶሎ ከሰማሁ በማግሥቱ እደርሳለሁ አልኳቸው። ሸጋ ነው አሉ፤ ጌጡ ስልኬን እንዲጽፍላቸው አዘዙ፤ ቀኑን እሳቸውም እንደማያውቁት፣ ሲደርስ ግን ልጆቻቸው እንደሚደውሉልኝ ነገሩኝ። ከኋላቸው የቆሙት ሁሉ ለዚሁ ጉዳይ ኖሯል የተሰለፉት። አንዲት ሴትዮ ለራሷም ለባሏም አስመዘገበች፤ ባልዬው አጠገቧ ቆሞ ራሱን ነቅንቆ አጸደቀ።

ሽልማት ተቀብዬ አውቃለሁ፤ አዳራሽ ቆሞ አጨብጭቦልኛል። እንደዚያች ሰዓት ግን ኮርቼ አላውቅም። ቢሆንም ባለሙያ የማይፈጽመውን ቃል አይገባምና፣ ሐሙስ ሐሙስ ቀረጻ ስላለኝ በዚያን ቀን ከአዲስ አበባ መነቃነቅ እንደማልችል በትሕትና አስረዳሁ። አያ ተሰማ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው ጥቂት ተመካከሩ። ከዚያ ተመልሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፦

«አይዞሽ ልጄ» አሉ፤ «ሐሙስ ሐሙስ አንሞትም።»