ሐጂ ይማም ጆይስቲክ የጨበጡ ዕለት

«ጨዋታ ነው፤ ምን ያናድዳል?» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ይገርሙኛል ያልኩት ለጨዋነት ነው እንጂ ያበሽቁኛል። ሰው በጨዋታ ካልተናደደ በምን ይናደድ? ገበጣ ላይ ጠጠር የሚደብቅ ሰው እህል ሲሰፍርልህም ቁናውን ያጎድላል። ካርታ የሚሰርቅ ሰው ለምስክርነት ቢጠሩት ይዋሻል። እኔ ሰውን የምመዝነው ሲጫወት ነው፤ ለቅሶ ቤትማ ሁሉም ደግ ነው። ይህን የምነግራችሁም ተናድጄ ነው። ነገሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ያኔ መካነ ሰላም የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምውለው ዘሐራ ቤት ነው። ክፉ አታስቡ፤ ዘሐራ ቤት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ዘሐራ ጅዳ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ሌሎቹ ብርድ ልብስና የወርቅ ጥርስ ይዘው ሲመጡ፣ እሷ ቴሌቪዥንና አራት ጆይስቲክ ያለው ማጫወቻ ይዛ መጣች። ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራየችና አግዳሚ ወንበር ደረደረችባት። «ይቺ ቤት ከቆመችልኝ አገሬ ላይ እቀመጣለሁ፤ ከተዘጋች ግን መመለሻዬ ጅዳ ነው» ትል ነበር እየሳቀች። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ሞኞች!

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ከተማው ያበደው በአንድ ድብድብ ነው። አራት ሰው አንድ ሜዳ ይገባል፤ ወዳጅ የለ፣ ጠላት የለ፣ ያገኙትን መነረት ነው። ዱላው ግን ቀላሉ ነው። ጣጣው የሚለጠፍብህ ደዌ ነው። ስማቸው ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ብልጭ ይላል፣ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ከተማው ራሱ ስም አወጣላቸው። አረንጓዴ ጭስ ከራስህ ላይ እየወጣ ነፍስህ ጠብ ጠብ ካለች «ምች መታው» ይባላል። እሳት ከያዘህ «ቃጠሎ» ነው። ኮከብ በራስህ ዙሪያ ሲዞር «አዙሪት» ነው፤ ያን ጊዜ ቀኝ ስትጫን ሰውዬህ ወደ ግራ ይሄዳል። ሰማያዊ ሆነህ ድርቅ ካልክ ደግሞ «ውርጭ መታው»። የደጋ ሰው ውርጭን ያውቃል። በአንድ ሌሊት ስንት ማሳ ገብስ ጨርሶበታል።

በዚህ በኩል መካነ ሰላም ውስጥ የሚስተካከለኝ ሐኪም አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ምች የመታው ሰው መሮጥ የለበትም፤ በሮጠ ቁጥር መርዙ ይፈጥናል፤ ጥጉን ይዞ ማሳለፍ ነው። ቃጠሎ የያዘው ሜዳው ጫፍ ላይ ወዳለው ኩሬ ዘሎ መግባት ነው። አዙሪት የያዘው እጁን ከጆይስቲኩ ላይ ማንሳት ነው፤ ብልጥ ነኝ ብሎ የታገለ በገዛ እግሩ ገደል ይገባል። ውርጭ ግን መድኃኒት የለውም። አምስት እስክትቆጥር ድረስ ደርቀህ ትቆማለህ፤ ይህን ያየ ሁሉ ደግሞ እንደ ንብ ይሰፍርብሃል።

ለዚህ ነበር ዘሐራ አንድ ሕግ ያወጣችው። ካርቶን ቀድዳ በስክሪፕቶ «ውርጭ የመታው አይመታም» ብላ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። የጣሰ በዚያ ሳምንት አይጫወትም። አንድ ቀን «ዘሐራ፣ ጨዋታው እኮ የሚፈቅደው ነው» ብላት «መምህር፣ እኔ መንቀሳቀስ የማትችል ሰው ስትመታ አይቻለሁ። በቤቴ አላይም፤ በቃ» አለችኝ። ማንን እንዳየች አልጠየቅኩም። ክንዷ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳ ይታየኝ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ወጣቱን የሚያበላሹ ቤቶችን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ዘመኑ የኮሚቴ ዘመን ነበር፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሰብሳቢው አቶ ጌታነህ የሚባል፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሄድ ካልሆነ ፀሐይ የማያገኘው ሹመኛ ነው። የአገር ሽማግሌ ተብለው የተመረጡት ሐጂ ይማም ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ እሳቸው ደጅ ነው የሚሄደው። ሦስተኛው፣ የመምህራን ተወካይ፣ እኔ። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምውል የሚያውቁት ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ እኔ የምውልበት ስለሚውሉ አይናገሩም።

ለጥናት የሄድነው በዚያው በቅዳሜ ቀን ነው። ዘሐራ ስታየኝ ፊቷ በራ። የራሷ ሰው መጣላት! እኔ ግን ቤቱን ገና እንዳየ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ሐጂ ይማም «ያላዩትን መፍረድ ሐራም ነው» ብለው አንዱን ጆይስቲክ ተቀበሉ። ጌታነህም «ለማጣራት ያህል» ብሎ ሌላውን ያዘ። ሁለቱ በሁለት ጎረምሶች እጅ ቀሩ።

«መምህር፣ ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው የሚራመደው?» አሉኝ ሐጂ።

«እኔ አላውቅም፣ ሐጂ» አልኳቸው። እኔ! የከተማው ሐኪም!

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ሐጂ ያን ሲያዩ እንደምንም ብለው ሰውዬአቸውን እየነዱ ሄደው መሐላቸው አቆሙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሥራ ይኸው ነው። በዚህ አገር ሽማግሌ መሐል ከገባ ዱላ ይወርዳል፤ ያልወረደ ዱላ ዘር ማንዘር ያሰድባል። «በአላህ! በነቢ! ተዉ ልጆቼ!» አሉ ለቴሌቪዥኑ። ቴሌቪዥን ሽማግሌ አያውቅም። ለሌላው የተሰነዘረው ሁሉ በሳቸው ላይ አረፈ። መጀመሪያ ምች መታቸው፤ ሮጡ፤ ባሰባቸው። ቀጥሎ ቃጠሎ። ኩሬው ይቺ ናት ብዬ ልጠቁማቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ከዚያ አዙሪት፤ «ያ ረቢ! ቀኝ ስለው ግራ የሚሄደው ምን ነክቶት ነው?» እያሉ ሳለ ውርጭ መታቸውና ገደሉ አፋፍ ላይ ሰማያዊ ሆነው ቀሩ።

ሁለቱ ጎረምሶች ወዲያው ጆይስቲካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ጌታነህ ግን እስከዚያ ድረስ ጥግ ተደብቆ የቆየ ሰው አሁን ሮጦ መጣና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ነረታቸው። የሐጂ ሰውዬ ገደል ገባ።

«አሸነፍኩ መሰለኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

ሐጂ ወደ ጎረምሶቹ ዞረው «እናንተስ ምነው ተዋችሁኝ?» አሏቸው።

«ውርጭ የመታው አይመታም፣ ሐጂ። የዘሐራ ሕግ ነው።»

ሐጂ ካርቶኑን አነበቡ፣ ዘሐራን አዩ፣ «አላህ ይባርክሽ፣ ልጄ» ብለው ተነሡ። እኔ ደሜ ፈልቷል። እጄ ግን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ጉባኤ ተቀመጥን። ዘሐራ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ጌታነህ የጥናቱን ውጤት አነበበ። «ቤቱ ለወጣቱ አቅመ ቢስን ማጥቃት የሚያስተምር መሆኑን ኮሚቴው በዓይኑ አረጋግጧል» ይላል። በዓይኑ!

«ልጄ፣ የመታኸኝ እኮ አንተ ነህ» አሉ ሐጂ ይማም። «እነሱማ እጃቸውን ሰበሰቡልኝ፤ አላህ ይስጣቸው።»

«ሐጂ፣ ጉዳዩን ወደ ግለሰብ ባናወርደው» አለ ጌታነህ። «ወደ ድምፅ እንግባ። ይዘጋ የምትሉ?» ብሎ የራሱን እጅ አወጣ። «ይቀጥል የምትሉ?» ሐጂ አወጡ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞረ። ዘሐራም።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ፤ ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። ከወር በፊት ግምገማ ላይ ጠመኔ ለምን ጠፋ ብዬ ጠይቄ «የአመለካከት ችግር ያለበት» ተብዬ ነበር። ጨዋታው ላይ የተለጠፈብህ ነገር አምስት ቆጥረህ ይለቅሃል። ይሄኛው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ዘለህ የምትገባበት ኩሬ የለውም። አንድ ስም ስላለብኝ ሁለተኛ እንዳይደረብብኝ ፈራሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

«ድምፀ ተአቅቦ» አልኩ።

ይህን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘው! እንዴት ያማረ ቃል ነው፤ ፍርሃትን ሱፍ ከነከረባቱ አልብሶ ያስቀምጠዋል። ዘሐራ ቃሉ ስላልገባት «ምን አሉ?» ብላ ሐጂን ጠየቀች። ሐጂ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ። ጌታነህ «እኩል ሲሆን የሰብሳቢው ድምፅ ይወስናል» አለና ቤቱ ተዘጋ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ባል እንኳ አልነበርኩም፣ ጎኗ ቆሜ የታየሁ አህያ ብቻ።

ማጫወቻው ደሴ ተሸጠ። ዘሐራ በሦስተኛው ወር ጅዳ ተመለሰች። ስትሄድ አልሸኘኋትም፤ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። አርም ነበር ማለት፣ ፊቴ ዘርግቼው ነበር።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ሒሳብ አስተማሪው አንተ ነህ?» አሉኝ። ነኝ አልኩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ ልነጥቃቸው ብል እምቢ አሉ። የዘሐራ እናት ነበሩ።

«ልጄ ነግራኝ ነው የሄደችው» አሉ ዕንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ይዘጋባት ሲባል መምህሩ እጁን አላነሣብኝም ብላኛለች። ያ ሁሉ ሹም ባለበት! ዱዓዬ አይለይህ፣ የኔ ልጅ። ለልጄ እንደቆምክላት አላህም እንደዚያው ይቁምልህ።»

«አሚን» አልኩ።