ጉልበት ይቅደም

አዲስ ነገር ገዝቶ እንዳለ የሚተወው ሰው የት አገር እንደሚኖር አላውቅም፤ አዳማ ግን አይኖርም። እኛ ዘንድ አዲስ ባጃጅ ገና ሳይቆሽሽ መጋረጃ ይሰፋለታል፣ መብራት ይደረደርለታል፣ ከኋላው ጥቅስ ይለጠፍበታል። ሶፋ ስንገዛ ጨርቁ አምሮን እንገዛና፣ ያንኑ ጨርቅ ዳግመኛ ማንም እንዳያየው ልብስ እናለብሰዋለን። ፋብሪካ ጨርሶ የላከውን እኛ ገና እንጀምረዋለን። ስለዚህ እኔ ለረጅም መንገድ የተሠራ አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝቼ፣ የፕላስቲኩ ሽታ እንኳ ሳይለቀው "ምኑን ላስቀይር?" ማለት ብጀምር አትፍረዱብኝ።

መካኒክ አይደለሁም። ትምህርት ቤቴ ስልኬ ነው። ቢሆንም የማውቀውን ለማስረዳት ማንም እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም፤ እናንተም አልጠየቃችሁኝም፣ ግን ስሙኝ። መጀመሪያ ማርሚታ አለ፤ ጭሱ የሚወጣበት፣ ድምፁም የሚታፈንበት ቧንቧ። የፋብሪካው ማርሚታ አፉን በመሐረብ ይዞ እንደሚያስል ጨዋ ሰው ነው። ቀለል ያለውን ስትገጥሙለት ጉሮሮውን ጠርጎ መናገር ይጀምራል። እንዲህ እንደ ልቡ ሲተነፍስ ግን የነዳጅና የአየሩ ልክ ይዛባል፤ ያኔ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተማር ግድ ይሆናል፤ ይኼ ቱኒንግ ይባላል፣ በደንብ ከተሠራ ጉልበትም ይጨምራል። አሞርዛተር ደግሞ አለ፤ ስፕሪንጉ ክብደት ይሸከማል፣ ውስጡ ያለው ዘይት ስፕሪንጉ ከመጠን በላይ እንዳይዘል ይገስጸዋል። ዘይት የሌለው አሞርዛተር ሰርግ ቤት እንደገባ ሕፃን ነው፤ መዝለል እንጂ ማቆም አያውቅም።

ይህን ሁሉ የማስበው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። በማለዳ ከአዳማ እወጣለሁ። ሞጆ ላይ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። ቆቃ ሐይቅ ጉሙን ገና አላወለቀም፤ ግራሮቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ሞተሬ በወፍራሙ እየዘመረ መንገዱን እንደ ሪባን ይጠቀልለዋል። ከኋላዬ ፍቅረኛዬ ሰላም ተቀምጣለች፤ እጇ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። በሕልሜ ነዳጅ አያልቅም፣ መንገድ ላይም ከብት አይገባም።

ሰላም ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የተጣመመ ስፌት አይታ አታልፍም። እኔን እንዴት እንዳሳለፈችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ታዲያ አንድ ቀን፣ "አባቴ ሽማግሌዎች እሑድ መቂ ይምጡ ብሏል" አለችኝ። "ሰምተሃል? አባቴ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አይሰጥም። የምትልከው ሰው በወጉ ጠይቆ ይመለስ፣ አለበለዚያ ይቅር ነው ያለው።"

በእኛ ቤተሰብ በወጉ የሚጠይቅ ሰው አንድ ነው፤ አጎቴ ጋሽ ተፈራ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጡረተኛ። አብረዋቸው የሚሸመግሉት ሁለት ጓደኞቻቸው በሚኒባስ ይቀድማሉ። እሳቸው ግን እግራቸውን ስለሚያማቸው ያነክሳሉ፤ ሚኒባስ ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም። "ኮንትራት መኪና ልያዝ" ብላቸው፣ "አዲስ ሞተር ገዝተህ?" አሉኝ፤ ሞተሩ የእሳቸው እስኪመስል ተቆጥተው። መንገድ ላይ እየወረዱ እንዲያርፉ ተስማማን።

እኔም ወጉን አላጓደልኩም፤ ስለ ማርሚታ፣ ስለ ቱኒንግ፣ ስለ አሞርዛተር አንድ በአንድ አስረዳኋቸውና፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ ምኑ ይቅደም?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ እግራቸውን እያሻሹ። "ብቻ ጉልበት ይቅደም።"

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ የነበረው ሞተር ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሲጫን ጉልበት ያስፈልጋል፣ እውነት ነው! ሰፈራችን ወዳለው ወደ መካኒኩ ጫላ ጋራዥ በረርኩ። ማርሚታው ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ተስተካከለ። ሞተሩን ሳስነሳው የጎረቤት ውሾች በአንድ ድምፅ መለሱለት። የደስታ እንባ ሊመጣብኝ ምንም አልቀረው።

ቅዳሜ ጋሽ ተፈራን ከወንጂ ለሙከራ ጭኜ አዳማ መጣሁ። አጭር መንገድ ነው። ጋራዡ በር ላይ ሲወርዱ እግራቸው አልዘረጋ አለ፤ እንደተቀመጡ ቆሙ።

"አካም ጅርቱ ጋሼ!" አለ ጫላ።

"ምን ደኅና አለ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ፣ ጉልበት ይቅደም ብዬህ አልነበረም?"

"አስቀደምኩ እኮ ጋሼ! አሁን ዳገት ላይ ቢሉት—"

"የማንን ጉልበት?"

ጫላ መፍቻውን ጥሎ ጎማ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። "ጋሼን ነበራ ቱኒንግ የምናደርጋቸው!"

ሳቅ መልካም ነበር፣ ነገ እሑድ ባይሆን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ ሲሄድ "ቁጭ በሉ" ቢባል አይቀመጥም። ጉዳዩ ተሰምቶ እሺታ እስኪያገኝ ይቆማል። ጋሽ ተፈራ መቂ ደርሰው መቆም ካቃታቸው ሳይጠይቁ ይቀመጣሉ፤ ሳይጠይቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፣ ምሳ ሊበላ የመጣ እንግዳ ነው። የእኔ ትዳር በአንድ ጉልበት ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ጫላ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "የኋላውን እግር መርገጫ ዝቅ ካደረግነው እግራቸው አይታጠፍም" አለ። "ግን አዲሱ ማርሚታ ቦታውን ይዞታል። ወይ ማርሚታው፣ ወይ የጋሼ እግር።"

መልሱ ግልጽ ነው ትላላችሁ። እስቲ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ሰምታችሁት ቢሆን! ለሰላም ደወልኩላት፤ ስለ ጋዝ አወጣጥ ማስረዳት ስጀምር፣ "የምታገባው ድምፁን ነው?" ብላ ዘጋችብኝ።

አሮጌው ማርሚታ ተመለሰ። ኮምፒውተሩም የተማረውን እንዲረሳ ተደረገ። አሞርዛተሩ ለሁለት ሰው የሚስተካከልበት ቁልፍ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ ጫላ ትንሽ አዞረውና አለቀ። የእግር መርገጫው ዝቅ አለ።

እሑድ ማለዳ ወጣን። ቆቃ ጉሙን ገና አላወለቀም ነበር፣ ልክ እንደ ሕልሜ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ብቻ ተቀይሯል። ሞተሩ በሹክሹክታ ይሄዳል። ዝምታው ውስጥ ብዙ ነገር አለ ለካ፤ የወፉ ዜማ፣ የውኃ መሳቢያው ፓምፕ፣ "ቲማቲም! ሽንኩርት!" የሚሉት ልጃገረዶች። ከዚያ አንገቴ አጠገብ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነው። "ልጃችን ጨዋ ነው… ሠርቶ የሚያድር ነው… ሰው አክባሪ ነው…" ስለ ማን እንደሚያወሩ እስኪገባኝ ዓለም ጤና ከተማን አልፈን ነበር። ያኛው ማርሚታ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ይውጠው ነበር። ጋዙን ቀነስኩ፤ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅብኝ።

መቂ ላይ እኔ ግቢ አልገባም፤ ወጉ ነው። ከአጥሩ ማዶ ግራር ሥር ቆሜ በቀዳዳ አያለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል።

"ምነው፣ ቁጭ በሉ እንጂ" አሉ የሰላም አባት።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ተፈራ።

አባትየው አልቸኮሉም። ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አማረሩ። ዓይኔ የጋሼ ቀኝ ጉልበት ላይ ተተክሏል። አንዴ ተንቀጠቀጠ። ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ፤ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ መንገድ ላይ የሰማሁት ሁሉ ቃል ሳይጎድል ወጣ። ከዚያ አባትየው አንድ ነገር አሉ፣ አልሰማሁትም። ሽማግሌዎቹ ግን ተቀመጡ።

እኔም ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩት የግራር እሾህ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አባትየው ብቻቸውን ወጡና ሞተሩን ዞሩት። ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ብለው ደግሞ እኔን አዩኝ፤ በመጠኑ ቅር ብሏቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ ማርሚታውን አላስቀየርክለትም?"

"ለ… ለመንገዱ ብዬ ነው፣ አባባ።"

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከሩቅ ሲያጓራ እሰማዋለሁ ብዬ ጆሮዬን አቁሜ! በጉብዝናዬ እኔም ሞተር ነበረኝ፤ ሰላም አልነገረችህም?" መቀመጫውን መታ መታ አደረጉት። "ይሁን። ለመሆኑ ጉልበቱ እንዴት ነው?"

በቀዳዳው ወደ ግቢው ተመለከትኩ። ጋሽ ተፈራ እግራቸውን አግዳሚው ላይ ዘርግተው ይስቃሉ።

"የማን?" አልኳቸው።